እያሸነፈ ለምን ያቆማል?

ቴረንስ ክሮፎርድ ቦክስ በቃኝ ማለቱ ሲሰማ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ጆሮዬ የገባው የመጀመሪያው አስተያየት «ፈርቶ ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛው ሰው ትንሽ ለስለስ አድርጎ «ሪከርዱን ሊያስጠብቅ ነው» አለ፤ ዞሮ ዞሮ ያው ነው። 42 ጊዜ ሪንግ ላይ ወጥቶ 42 ጊዜ ያሸነፈ፣ ከዚያ ውስጥ 31ዱን በዝረራ የጨረሰ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሁለት የክብደት ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ የሜክሲኮውን ሻምፒዮን ካኔሎ አልቫሬዝን የሚያህል ሰው ላስ ቬጋስ ላይ በነጥብ የረታ ቡጢኛ፣ በሦስት ወሩ ፈሪ ሲባል መስማት ያናድደኛል። በጣም ነው የሚያናድደኝ።

እኔ የማምነው ሌላ ነው። ሳይሸነፍ የሚያቆም ቡጢኛ ሽንፈትን የማያውቅ ሰው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል። እኛ አላየንም እንጂ እሱ ቀምሶታል። ይህን የነገረኝ አጎቴ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። (የግጥሚያዎቹን ዓመትና ወር የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የቦክስ መዝገብ የሚያዘው በዚያ ስለሆነ።)

መጀመሪያ ግን ለምን «ፈርቶ ነው» እንደምንል ልናገር። እኛ ያደግነው በሩጫ ነው። አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ መንዲዳ አጠገብ፣ ጃቶ ነው። ልጅ ሆነን ስለ እሱ ያልተነገረን ቀን የለም። 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። 1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። 1968 ሜክሲኮ ላይ ደግሞ በተጎዳ እግሩ ተሰለፈ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ፣ ከዚያ አቃተውና ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው።

ያንን ሦስተኛውን ሩጫ «ምን አስሮጠው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እንዲያውም እንወድለታለን። እየቻለ አይደለም፣ እየታመመ ሮጦ የወጣበት ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 2010 ላይ ኒው ዮርክ ማራቶንን ጉልበቱን አሞት አቋርጦ በቃኝ አለ፣ ከዚያ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ፣ እስከ 2015 ሮጠ። ደስ አለን። ቀነኒሳ በቀለ በ10 ሺህ ሜትር ለዓመታት የሚያሸንፈው ጠፍቶ ቆይቶ 2011 ዴጉ ላይ ውድድሩን ሳይጨርስ ወጣ፤ ዱካው የጠፋ የመሰለው ሰው 2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በ42 ዓመቱ ማራቶን ሮጠ፣ ከፊት ካሉት ርቆ ኋላ ነው የገባው፣ እኛ ግን ቆመን አጨበጨብንለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ልማዳችን ይሄ ነው። ጀግና ማለት እግሩ እስኪከዳው የሚሮጥ ነው። እምቢ እስኪለው፣ እስኪወድቅ፣ ተደግፎ እስኪወጣ። በዚህ ዓይን ስናየው እየቻለ የሚያቆም ሰው የሆነ ነገር የደበቀ ይመስለናል። ሯጭ ግን የመጨረሻው ሽንፈቱ የሚወስድበት ሜዳሊያ ነው፣ ደረጃ ነው፣ ምናልባት ጉልበቱን ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ የልጆቹን ስም አይረሳም። የቡጢኛው ሽንፈት የሚመጣው በጭንቅላቱ በኩል ነው። አንድ ሰው ሌላውን በዝረራ ጣለው ስንል እኮ አንጎሉን ከራስ ቅሉ ጋር አጋጭቶ ለጊዜው አጠፋው ማለታችን ነው። የምንጨፍርለት ነገር እሱ ነው። 1928 ላይ ሀሪሰን ማርትላንድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ጭንቅላታቸውን ለዓመታት የተመቱ ቡጢኞች እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ፣ ንግግራቸው እየተጎተተ እንደሚሄድ በሕክምና መጽሔት ጽፎ አሳወቀ። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ያው ነው፤ በዝረራ የወደቀበት ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ልብ የማይለው በልምምድ የተቀበለው ቡጢ ሁሉ ይጠራቀማል።

ሙሐመድ አሊን አስቡት። 1980 ጥቅምት ላይ በ38 ዓመቱ ከላሪ ሆልምስ ጋር ገጠመ። አሥር ዙር ሙሉ ተመታ። አሰልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ በቃ ብሎ አስቆመው። ያ አልበቃ ብሎት በዓመቱ ባሃማስ ሄዶ በትሬቨር በርቢክ ተሸነፈ። 1984 ላይ ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ ሕመም እንዳለበት ተነገረው። ሕመሙን ያመጣው ቡጢ ብቻ ነው ብዬ አልደመድምም፣ ሐኪም አይደለሁም። የሆልምስን ግጥሚያ ቪዲዮ አይቶ ግን «አሊ ስላላቆመ ጀግና ነው» ለማለት አፌ እሺ አይለኝም።

አሁን ስለ አጎቴ።

ጋሼ ወጣት ወታደር እያለ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ቡጢኛ ነበር። ትልቅ ስም አልነበረውም፤ ስሙን የትም አታገኙትም። ግን ጥሩ ነበር ይላሉ አብረውት የነበሩት። መንዝ ውስጥ ከብት ሲጠብቅ ከእረኞች ጋር ትግል ገጥሞ፣ ገና ሲመጣ ደግሞ ገና ተጫውቶ ያደገ ልጅ ነው፤ መመታት አያስፈራውም። ችግሩም እሱ ነበር። ማቆም ሲገባው አላቆመም። አለቆቹ «አንድ ብቻ» ይሉታል፣ ያንን አንድ ይጫወታል፣ ከዚያ ሌላ አንድ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ከሚያሸንፈው የሚሸነፈው በልጦ ወጣ።

ዛሬ ጋሼ ቤት ብትሄዱ ጠዋት ላይ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ታገኙታላችሁ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ለእሱ ዕድሜ አይሆንም። ሲኒውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። አንደኛው እጁ ሲኒውን ይይዛል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጅ ይይዛል። ሚስቱ ቡናውን ሙሉ አትቀዳለትም፤ ግማሽ ቀድታ፣ ያንን ሲጨርስ ሌላ ግማሽ ትጨምርለታለች፣ እንግዳ ፊት ሆን ብላ እንዳደረገችው እንዳይታወቅ አድርጋ። የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለትም እሷ ናት። አንዳንድ ቀን «መቼ መጣሽ?» ይለኛል፣ እመልስለታለሁ፣ ቆሎውን ቆርጠም ቆርጠም ያደርግና እንደገና «መቼ መጣሽ?» ይላል። ስለ ድሮ ሲጠየቅ ግን አንድም ነገር አይጠፋበትም።

አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ መቼ ነው መጀመሪያ የተሸነፍከው?» ብዬ ጠየቅኩት። የግጥሚያውን ስም፣ ከተማውን፣ የጣለውን ሰው ይነግረኛል ብዬ ነበር።

«ልምምድ ላይ» አለኝ።

«ልምምድ ላይ ሽንፈት አለ እንዴ?»

«ስሚ እንጂ! አንድ ልጅ አመጡልኝ። ገና ጢም ያላበቀለ። ግራ እጁን ይወረውራል። እኔ ያንን ግራ እጅ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማመልጠው። በዚያን ቀን አየሁት፣ መጣ፣ ራቅ በል አልኩት እግሬን፣ እግሬ ግን አልሰማኝም። አፍንጫዬን ነካኝ። ልጁ ራሱ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ። በቃ። ያን ቀን ነው የተሸነፍኩት።»

«ሌላ ሰው አውቋል?»

«ማን ያውቃል? ልጁም አላወቀ። እኔ ብቻ።»

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ተጫወተ። አሸንፎም ያውቃል። ምክንያቱን ሲነግረኝ «መጀመሪያ የሚከዳሽ እግር ነው፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ቡጢው መጨረሻ ነው የሚሄደው» አለ። ለዚህ ነው ቡጢኛ የሚታለለው። ጉልበቱ እጁ ላይ አለ፤ አንድ ካገኘው ይጥለዋል። ሕዝቡም ያንን አይቶ «አሁንም አለ» ይላል። እሱ ግን ድሮ ያመልጠው የነበረውን ሦስት ቡጢ ተቀብሎ ነው ያንን አንዷን የሚያሳርፈው። ሒሳቡ ተቀይሯል። ተመልካች ቆጥሮት አያውቅም፤ የሚቆጥረው ጭንቅላቱ ነው።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሳይሸነፉ የወጡ ሻምፒዮኖችን መዝገብ የማነበው በሌላ ዓይን ነው። 0 የሚለውን የሽንፈት ቁጥር ትቼ የመጨረሻዎቹን ግጥሚያዎች አያለሁ።

ሮኪ ማርሲያኖ። 49 ግጥሚያ፣ 49 ድል፣ 43ቱ በዝረራ። በከባድ ሚዛን ሳይሸነፍ የወጣ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ስም ነው። የመጨረሻው ግጥሚያው 1955 መስከረም ላይ ከአርቺ ሙር ጋር ነበር። በዘጠነኛው ዙር ሙርን ጣለው፣ ታሪክ የያዘው ይህንን ነው። በሁለተኛው ዙር ግን መሬት ላይ የነበረው ማርሲያኖ ነው። ተነሥቶ ነው ያሸነፈው። በሰባተኛው ወር፣ 1956 ሚያዝያ ላይ፣ በ32 ዓመቱ አቆምኩ አለ። ከቤተሰቤ ጋር ልኑር አለ። ወገቡን ያመው ነበር። ከማናጀሩ ከአል ዌይል ጋርም ተቃቅረው ነበር።

ጆ ካልዛጊ፣ የዌልሱ። 46 ለ 0። ከ1997 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ማንም አልነጠቀውም። የመጨረሻ ዓመቱ 2008 ነው፤ ሁለት ጊዜ ተጫወተ፣ ከበርናርድ ሆፕኪንስ እና ከሮይ ጆንስ ጋር። ሁለቱንም አሸነፈ። ሁለቱም ግን በመጀመሪያው ዙር መሬት አስነክተውታል። እጆቹ ደግሞ ለዓመታት ሲሰበሩና ሲጠገኑ የኖሩ ናቸው። 2009 የካቲት ላይ ተሰናበተ።

አንድሬ ዋርድ። 2004 አቴንስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ ከዚያ በኋላ 32 ለ 0። 2016 ኅዳር ላይ ሰርጌ ኮቫሌቭ በሁለተኛው ዙር ጣለው፣ ሦስቱም ዳኞች 114 ለ 113 ለዋርድ ሰጡት። አንድ ነጥብ። አንድ ዙር ወደዚያ ቢሄድ ያ 0 አይኖርም ነበር። በ2017 ሰኔ እንደገና ገጠመው፣ በስምንተኛው ዙር አስቆመው፣ በሦስት ወሩ በ33 ዓመቱ ወጣ። ምክንያቱን ሲናገር አልተሸፋፈነም፤ ሰውነቴ የዚህን ስፖርት ጫና አልችል አለ፣ የመዋጋት ፍላጎቱም ከውስጤ ሄደ ነው ያለው።

ሦስቱንም አንድ ላይ ሳያቸው የጋሼ አፍንጫ ትዝ ይለኛል። ሦስቱም ተነክተዋል። ሕዝቡ «እንዴት ያለ አነሳስ ነው የተነሣው!» እያለ ሲደነቅ፣ እነሱ ወለሉ ላይ ሆነው የሰሙት ሌላ ነገር ነው። የሚገርመኝ መስማታቸው አይደለም። ሁሉም ይሰማል፣ ጋሼም ሰምቷል። የሚገርመኝ የሰሙትን ማመናቸው ነው።

ለምን ከባድ እንደሆነ የገባኝ የሆልምስን ታሪክ ሳነብ ነው። ማርሲያኖ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደንቀው የኖረውን ጆ ሉዊስን 1951 ላይ በስምንተኛው ዙር በዝረራ ጣለው፤ ከግጥሚያው በኋላ መልበሻ ክፍል ውስጥ አለቀሰ። ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር። ቀበቶውን ከ1937 እስከ 1949 ይዞ፣ 25 ጊዜ አስጠብቆ፣ ሻምፒዮን ሆኖ አቁሞ የነበረ ሰው ነው። የተመለሰው የግብር ዕዳ አንቆት ነው፤ ያውም በጦርነቱ ጊዜ የሁለት ግጥሚያ ገንዘቡን ለባሕር ኃይሉና ለምድር ጦሩ መርጃ የሰጠ ሰው። በኋላ ለእንጀራው ሲል በትዕይንት ትግል ሜዳ ታየ፣ ላስ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥም እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሠራ። ላሪ ሆልምስም እንዲሁ አሊን ደብድቦ ሲያበቃ አለቀሰ። ሁለቱም ያደጉበትን ጀግና በገዛ እጃቸው ሰባብረው አይተውታል። ማርሲያኖ አቆመ። ሆልምስ ቀጠለ። 48 ለ 0 ደርሶ የማርሲያኖን 49 ሊይዝ አንድ ብቻ ሲቀረው 1985 መስከረም 21 ቀን በማይክል ስፒንክስ በነጥብ ተሸነፈ። ማርሲያኖ የመጨረሻውን ግጥሚያ ያሸነፈውም መስከረም 21 ቀን ነበር፤ ልክ 30 ዓመት። የሆልምስ የመጨረሻ ግጥሚያ 2002 ላይ ነው፣ በ52 ዓመቱ።

ስለዚህ የሌላውን መጨረሻ በዓይን ማየት ብቻውን አያስቆምም። ሆልምስ ከማንም በላይ በቅርብ አይቷል፣ አሊን የመታው እጅ የእሱ ነው።

የሚያስቀጥለው ምንድን ነው? ገንዘብ ይባላል፣ ነውም። ግን የእሱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሻምፒዮን ብቻውን አይበላም። በተለመደው አሠራር አሰልጣኙ ከሚያገኘው አንድ አሥረኛ ይወስዳል፣ ማናጀሩ እስከ አንድ ሦስተኛ ሊደርስ ይችላል። ቁስል የሚያክመው አለ፣ ምግብ የሚያዘጋጀው አለ፣ በልምምድ ላይ አብረውት ቡጢ የሚገጥሙ ልጆች አሉ። አጎት አለ፣ የአክስት ልጅ አለ፣ ቤት የሚሠራለት ሰፈር አለ። ይህንን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። አንድ ሰው ሲያልፍለት ስንት ሰው በእሱ ስም እንደሚተኛና እንደሚነሣ ለሰሜን ሸዋ ሰው አይነገርም። ሻምፒዮኑ በቃኝ ሲል የእነዚህን ሁሉ እንጀራ ነው በቃ የሚለው። እነሱም ክፉ አይደሉም፤ ይወዱታል። ግን «አሁንም አለህ» ማለት የሚጠቅማቸው ሰዎች ናቸው። ዙሪያውን ከከበቡት ውስጥ «እግርህ ከድቶሃል» ብሎ የሚነግረው አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። እንግዲህ ብቻውን ሆኖ ነው የሚወስነው፣ የሚወዱትን ሁሉ አስከፍቶ።

ሌላም አለ፤ የልምምዱ ወራት። ለአንድ ምሽት ግጥሚያ ሁለትና ሦስት ወር ከቤት ይወጣል። በየቀኑ ማልዶ ሩጫ፣ ክብደት ለመቀነስ ረሃብ፣ ሚዛን ላይ ሊወጣ ሲል ደግሞ ውሃ ጥም። የሰውነት ድካም ይቻላል። የማይቻለው ያንን ሁሉ ለማድረግ የሚያስነሣው ነገር ሲጠፋ ነው። ሁሉንም ያሸነፈ ሰው ማንን አስቦ በሌሊት ይነሣ? ዋርድ ፍላጎቱ ሄደ ያለው ይህንን ይመስለኛል። ፍላጎት የሌለው ቡጢኛ ደግሞ ሪንግ ላይ አደጋ ነው፣ ለራሱ።

0ውን ግን ታቦት አላደርገውም። ንግድም ይሆናል። ፍሎይድ ሜይዌዘር 2015 ላይ 49 ለ 0 ሆኖ አቆምኩ ካለ በኋላ 2017 ላይ ተመልሶ በቦክስ አንድም ጊዜ በፕሮፌሽናልነት ተጫውቶ የማያውቀውን ኮኖር ማክግሪገርን ገጠመና 50 ለ 0 አለ። ጎበዝነቱን አልክድም፣ መከላከልን እንደ እሱ የሚያውቅ በዘመኔ አላየሁም፤ ያቺን ሃምሳኛዋን ግን አልወዳትም። የማርሲያኖም መዝገብ ላይ ያሸነፋቸው ሉዊስ፣ ዎልኮትና ሙር ሁሉም ዕድሜያቸው የገፋ ነበሩ የሚል ክስ አለ፣ እውነት አለው። ካልዛጊም ሆፕኪንስንና ጆንስን ያገኛቸው አርጅተው ነው። 0 ማለት ከማን ጋር ተጋጠመ የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። በተሸነፉት ላይም አይፈርድም። ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ ሽንፈት ሳይነካው ወደ 90 ገደማ ግጥሚያ አድርጎ 1994 ላይ ነው መጀመሪያ የተሸነፈው፤ ስለተሸነፈ ያነሰ ቡጢኛ ነው የሚል ካለ ቦክስ አልገባውም። እኔ የምከራከረው ለቁጥሩ አይደለም። ለሚያቆመው ሰው ነው።

የክሮፎርድና የካኔሎን ግጥሚያ ያየሁት ከጋሼ ጋር ነው። አዲስ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ ቤቱ ውስጥ የዕንቁጣጣሽ ሣር ገና አልተጠረገም። ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ አቆምኩለት። እኔ እጆቻቸውን አያለሁ። ካኔሎ ሆድ ሆዱን ሲለው እጮሃለሁ። ጋሼ ዝም ብሎ ወደ ታች ያያል። መጀመሪያ ሐሳቡ ሄዶበት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳየው ዓይኑ ከክሮፎርድ እግር ላይ አልተነቀለም። ካኔሎ ወደፊት በመጣ ቁጥር የክሮፎርድ የኋላ እግር ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ነው አካሉ የሚከተለው። ጋሼ በጋቢው ውስጥ የገዛ እግሩን እያንቀሳቀሰ ነበር። በየዙሩ መሃል «አለ፣ አለ» ይላል። ውጤቱ ሲነገር እንኳን ያን ያህል አልሞቀውም፤ እሱ ቀድሞ ያወቀው ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሰውየው ማቆሙን ነገርኩት። ማንን እንደምለው ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት። «ያ እግሩ» አልኩት። መጣለት።

«እግሩ እያለ ነው ያቆመ?»

«እያለ ነው ጋሼ። 38 ዓመቱ ነው።»

«ማንም ሳይነግረው?»

«ማንም ሳይነግረው።»

«ጎበዝ» አለ። ቀጥሎም «እናቱ ትመረቅ» አለ። ከዚያ መቼ እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

ክሮፎርድ ልብ ውስጥ ገብቼ አላየሁም። ምናልባት እሱም አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ አንድ ልጅ ነክቶት ይሆናል፣ ምናልባት ምንም ሳይነካው ነው የወጣው። ከመጨረሻው ግጥሚያ በፊትም ቢሆን ሕይወቱ ቀላል አልነበረም፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ 2008 ላይ፣ ኦማሃ ከተማው ውስጥ መኪናው ውስጥ እንዳለ በጥይት ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱ ነድቶ ሆስፒታል የሄደ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ፈራ» ለማለት ቢያንስ አንድ ጊዜ ጓንት አጥልቆ ሦስት ደቂቃ መቆም ያስፈልጋል።

እዚህ ከተማችን ቦክስ የሚለማመዱ ልጆች አሉ። አልፎ አልፎ ቆሜ አያቸዋለሁ። ውርጭ በሆነ ጠዋት ትንፋሻቸው እየጨሰ ገመድ ሲዘሉ ደስ ይላሉ፤ ተስፋ ያላቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹ ሩቅ ሊሄዱ ይችላሉ። ለእነሱ የምመኘው ቀበቶ አለ፣ እሱ ይሁን። ግን ከአሰልጣኞቻቸውም የምለምነው ነገር አለ። በልምምድ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት መመታታቱን ቀንሱላቸው። የተመታ ልጅ ራሱን ሲያዞረው «አይዞህ፣ ግባ» አትበሉት፣ አሳርፉት፣ ሐኪም ያሳዩት። «አቃተኝ» የሚል ልጅ ሲመጣ የሚሳቅበት ቤት አታድርጉት። እየቻለ በቃኝ ማለት የሚችል ሻምፒዮን የሚወጣው ልጅ እያለ «ዛሬ አሞኛል» ማለት ከተፈቀደለት ልጅ ነው ብዬ አስባለሁ። ጋሼ ያን የነካውን ግራ እጅ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ቢናገርና ያ ሰው ቢሰማው ኖሮ፣ ዛሬ ሸሚዙን ራሱ ይቆልፍ ነበር።

ማቆም ደግሞ አንድ ጊዜ ተናግረውት የሚያበቃ ነገር አይደለም። ክሮፎርድን ገና ብዙ ገንዘብ ይዘው ይመጡበታል፣ እርግጠኛ ነኝ። ማርሲያኖም ላይ ደርሷል። 1959 ላይ ስዊድናዊው ኢንጌማር ዮሃንሰን ፍሎይድ ፓተርሰንን ጥሎ የከባድ ሚዛኑን ቀበቶ ሲወስድ፣ ማርሲያኖ ልመለስ ብሎ አሰበ። ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፣ ዕድሜው ገና 35። ልምምድም ጀመረ። አንድ ወር ያህል ሠራና ተወው። ዳኛ አልነበረበት፣ ትኬት አልተሸጠበት፣ ማንም አላጨበጨበለት። እኔ ግን ከ49ኙ ድሎቹ ሁሉ የምመርጥለት ያን ወር ነው።